የጋሽ ነገ ፊት

ፋይል ክፍል ተቀምጦ ባለጉዳዩን ሁሉ «ነገ ይመለሱ» እያለ የሚሸኝ ሠራተኛ ሆኖ ሲጫወት ዘመኑን ፈጀ። ድራማው ስለ አንድ መሥሪያ ቤት ሰነፎች ነበር፤ አገር ምድሩ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ ሲንከተከት ያመሽ ነበር። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ተረሳ፤ ጋሽ ነገ ሆኖ ቀረ። ድራማው ሲያበቃ አለቃውን የተጫወተው ሰውዬ የሳሙናና የቀለም ማስታወቂያ ላይ ተሰማራ፤ ጸሐፊዋን የተጫወተችው ልጅ ፊልም ዳይሬክተር ሆነች። እሱን ግን ማን ይፈልገዋል? ያለው አንድ ፊት ነው፤ እሱንም ሕዝብ ወርሶታል።

ይህስ ባልከፋ። ባለቤቱ የሞተች ጊዜ ግን፣ ሬሳው ከቤት ሲወጣ «ወይኔ!» ብሎ ቢጮህ፣ ከለቀስተኛው መሀል አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሌላውም ተከተለው። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ እሱ ግን ይቅር አላላቸውም። ከዚያ ወዲህ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመሞቱ በፊት ሰው ሐዘኑን በፊቱ ላይ አይቶ እንዲያምነው።

ስለዚህ ያቺ የጥንቷ ጸሐፊ ደውላ «ጋሼ፣ ዶክተር ሆነው ይጫወቱልኛል? ለእናትየዋ የልጇን ሞት የሚያረዳትን ዶክተር» ስትለው፣ ስልኩን እንደያዘ አለቀሰ።

ቀረጻው ያማረ ነበር። ነጭ ጋውን ለብሶ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጣ፤ «ልናተርፋት አልቻልንም» አለ፤ ከዚያ ዝም። ረጅም፣ አንጀት የሚበላ ዝምታ ነበር። የካሜራ ባለሙያው አፍንጫውን ሲስብ ተሰማ።

ፊልሙን ለሙከራ ያሳዩ ዕለት ጋሽ ነገ ከኋላ ወንበር ተሸጉጦ ተቀመጠ። የቀዶ ጥገናው በር ተከፍቶ ፊቱ ብቅ ከማለቱ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። «ነገ ይመለሱ ሊላት ነው!» አለ አንዱ ደፋር። ጭብጨባ፣ ፉጨት። ልጇ የሞተባት እናት ወለሉ ላይ ስትወድቅ እንኳ ሳቁ አላባራም።

በማግስቱ ዳይሬክተሯ ቢሮዋ ጠራችው። ዓይን ዓይኑን ማየት ከበዳት።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ሕዝቡ ነው።»

«ገብቶኛል፣ ልጄ።»

«ሌላ ሰው ልናስገባ ነው። ግን ያገኘነው ሰው እንደ እርስዎ አልሆነልኝም። መጥተው ቢያሳዩትስ?»

ክፉ ልጅ ሆና አይደለም፤ ሥራ ሲይዝ እንዲህ ያስደፍራል። እምቢ ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ እሺ አለ።

አዲሱ ተዋናይ ማንም የማያውቀው መልከ መልካም ሰው ነበር። ጋሽ ነገ ቀረጻው ቦታ ሄዶ ጋውኑን በገዛ እጁ አለበሰው፤ አረማመዱን አሳየው፤ ቃሉን አስያዘው። ሰውዬው ሁሉን ያዘ፤ ዝምታው ላይ ሲደርስ ግን እየቸኮለ አስቸገረ።

«ጋሼ፣» አለ በመጨረሻ ላቡን እየጠረገ፣ «እዚያ ጋ ዝም ሲሉ ምንድነው የሚያስቡት? ባለቤትዎን ነው?»

ሁሉም ጆሮውን ሰጠ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ብሎ ቢተርትላቸው ያምኑት ነበር። እሱ ግን እውነቱን ነገራቸው።

«ያንን ድራማ ስንቀርጽ አዳራሹ ውስጥ ተመልካች ይቀመጥ ነበር። ቃሌን ከተናገርኩ በኋላ ሳቁ እስኪበርድ አፌን አልከፍትም፤ አለዚያ የሚቀጥለው አይሰማም። ሰውነቴ ለመደው። እዚህም ቢሆን ሳቁ እስኪያልቅ ነው የምጠብቀው።»

የካሜራ ባለሙያው በሳቅ ፈነዳ፤ መብራት ያዡ ተከተለው፤ አዲሱ ተዋናይ ሆዱን ያዘ።

«ገደሉን እኮ፣ ጋሼ!» አለች ዳይሬክተሯ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች። «ዛሬም ቀልዱን አልተዉትም!»

ጋሽ ነገ ምንም ሳይናገር ቆሞ ጠበቃቸው። ሲበርድላቸው መብራቱ ተስተካከለ፤ ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። አዲሱ ሰው ከበሩ ወጣ፤ «ልናተርፋት አልቻልንም» አለና ልክ እንደተነገረው ዝም ብሎ ጠበቀ። መብራት ያዡ ዓይኑን አበሰ። ማንም አልሳቀም።