የፊት መስመር

ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ደጅ ስንጠና የከረምነው እኔና የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ነን። ታዲያ በገቢ ማሰባሰቢያው ዝግጅት ላይ የማን ልጅ ፊት መሃል ቆሞ ይዘምር በሚለው ተናነቅን። የመዝሙር አስተማሪው «እህቶቼ፣ ልጆቹ የሚሰለፉት በቁመት ነው» ቢል፣ «አንተ ድምፃቸውን ብቻ አስተካክል!» ብዬ ኩም አደረግሁት። ሰብሳቢዋንም «እንግዲያው ለጣሪያው ሌላ ለማኝ ፈልጉ» ብዬ ረታኋት። ጓደኞቿ «ቀጭኔ» የሚሏት ልጄ ፊት መሃል ቆመች።

አዳራሹ ጢም ብሎ መዝሙሩ ሲጀመር ልጄ ጉልበቷን አጠፍ አደረገች። ቀጥ እንድትል በዓይኔ ጠቀስኳት፤ እንዳላየች ሆነች። ጭራሽ ይባስ ብላ ዝቅ አለች። እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ። ደሜ ፈላ።

ያኔ ከትከሻዋ በላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ልጅ ፊት ብቅ አለ። ያቺ ድንክዬ አፏን በሰፊው ከፍታ ትዘምራለች፤ አባቷም በሩ ላይ ቆሞ በስስት ያያታል።

ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰብሳቢዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ውይ፣ ልጅሽን ምን ነካብሽ?» አለችኝ።

«ጉልበቷን ያማታል» አልኳት።