ሦስት ፊርማ ለአንድ ሮቶ ውሃ

አቶ አጥናፉ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል በሠሩባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት፣ ሦስት ፊርማ ባላረፈበት ወረቀት ከግምጃ ቤት መጥረጊያ እንኳ ያወጣ ሰው አልነበረም። ጡረታ ወጥተው ቂርቆስ ቤታቸው ሲቀመጡ ግን የሚያዙት ነገር አጡ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ቤቱን ዕድሜ ልካቸውን ለብቻቸው ሲመሩት ኖረዋል፤ ባላቸው ጡረታ ስለወጡ ሥልጣን ለማካፈል አላሰቡም።

ካዛንቺስ ሶፍትዌር ቢሮ የሚሠራው ልጃቸው ፋኑኤል የውሃውን ሞተር፣ የሻወሩን ማሞቂያና የግቢውን መብራት በስልክ እንዲታዘዙ ያደረገላቸው በዚህ ጊዜ ነው። አቶ አጥናፉ ከወንበራቸው ሳይነሡ አምፖል አበሩ፤ አጠፉ፤ ደግመው አበሩ። ደስታው የቆየው እስከ ስቅለት ነበር። የዚያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ዋሉ፤ በደረት ኪሳቸው የነበረው ስልክም በወደቁ በተነሡ ቁጥር እየተነካ፣ ቤት ያለውን ሞተር ሲያስነሣና ሲያጠፋ ዋለ። በቧንቧው ውሃ ስላልነበረ ሞተሩ ባዶውን ዞሮ ተቃጠለ።

አዲስ ሞተር ሲገባ ፋኑኤል ቀላል መላ አመጣ፦ ምልክቱን ሦስት ሰከንድ ተጭነው ካልያዙት በስተቀር ምንም ነገር አይነሣም።

«ሦስት ሰከንድ ነገ ተጠያቂ ይሆናል?» አሉት አባቱ።

ከዚያ በመሥሪያ ቤታቸው ቅጽ ልክ አሠሩት። ጠያቂ ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ አረጋጋጭ ኡራኤል አካባቢ የምትሠራው ልጃቸው ቅድስት፣ አጽዳቂ ራሳቸው። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታም ተጨመረ። ማንም አሠራሩን እንዳይዘል ብለው የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፊያ አስነቀሉ። ፋኑኤል ቀልድ መስሎት እየሳቀ ሠራው፤ አባቱ ግን «አጽዳቂ» ከሚለው ቃል አጠገብ ስማቸውን ሲያዩ ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

አንድ ወር ያህል በስህተት የተነሣ ነገር አልነበረም። አውቆ ማስነሣቱም ቢሆን ቀላል አልሆነም። አንድ ቀን ወይዘሮ ሸዋአየሁ ማሞቂያው እንዲበራ «ለመታጠብ» ብለው ቢጠይቁ፣ «ማን እንደሚታጠብ ይገለጽ» ተብሎ ከባላቸው ተመለሰባቸው። ሁለቱም አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ከዚያ የወይዘሮ ሸዋአየሁ የማኅበር ተራ ደረሰ። ቅዳሜ አርባ ሰው ይመጣል፤ ሮቶው ባዶ ነው፤ ውሃ ከመጣ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የግቢው ቧንቧ ተንፈስ ተንፈስ አለና እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። ግፊት ስለሌለው በሞተር ካልተሳበ የትም አይደርስም። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ድስታቸውን ጥለው ጥያቄውን ላኩ፤ ምክንያቱንም «ለማኅበር፣ ለአርባ ሰው፣ ለድስት፣ ለሳህንና ለእጅ መታጠቢያ» ብለው በዝርዝር ጻፉ። አቶ አጥናፉ ጣታቸውን ዘርግተው ለማጽደቅ ተዘጋጁ። ስልካቸው ግን «አልተረጋገጠም» አለ።

ቅድስት ስብሰባ ላይ ነበረች፤ ስልኳን አጥፍታለች። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሰዓት ሆነ። አቶ አጥናፉ ፋኑኤል ጋ ደውለው የፊርማውን አሠራር አሁኑኑ እንዲያስቀርላቸው አዘዙ።

«አባዬ፣ ማስቀረቱንም ሦስታችሁ ካልፈረማችሁ እንዳይሆን ያስደረግከኝ አንተ ነህ» አለ ፋኑኤል። «ማለቴ፣ ያለ ቅድስት እኔም አልችልም።»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ክር በምታህለው ውሃ ሥር ሳፋ ደቅነው ቆመዋል። አርባ ዓመት አንተ ሲሏቸው የኖሩትን ባላቸውን፣ «ይዘዙት እንጂ» አሏቸው። «አለቃው እርስዎ አይደሉ?»

ሰባት ሰዓት ላይ ውሃው ሄደ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ቅድስት ከስብሰባ ወጥታ አረጋገጠች። አቶ አጥናፉ ስልኩን ይዘው ብዙ ቆሙ። ቢያጸድቁ አዲሱ ሞተርም ባዶውን ዞሮ ይቃጠላል፤ ጥያቄን ሳይወስኑ ማሳደር ደግሞ በሥራ ዘመናቸው አድርገውት አያውቁም። ማድ ቤት ባልታጠበ ድስት መሐል የቆሙት የወይዘሮ ሸዋአየሁ ስልክ ጮኸ። «ጥያቄዎ ውድቅ ተደርጓል። ምክንያት፦ ውሃ ሄዷል።»

አልተቆጡም። ነጠላቸውን ጣል አድርገው ጎረቤታቸው ሐቢባ ጋ ሄዱ። የሐቢባ ሮቶ እስከ አፉ ሞልቷል። ጠዋት እጇ ሊጥ በሊጥ ስለነበር በዚያ ስታልፍ የሞተሯን ማብሪያ በክርኗ ተጭና ነበር፤ ሌላ ያደረገችው ነገር የለም። የፈለጋችሁትን ያህል ቅዱ አለች።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ተመልሰው ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ባላቸው እጅ ላይ አስያዙ። አቶ አጥናፉ ሲመላለሱ ዋሉ። ሰፈሩ አየ፤ ምን ሆነው ነው ብሎ ጠየቀ፤ እሳቸውም ሞተሩ ደህና መሆኑን ብቻ ተናገሩ። ማታ ጀንበር ስትጠልቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጀሪካኖች ይዘው ገቡና በርሜሉ አጠገብ ቆሙ።

«እዚህ ልጨምረው?»

«አትጠይቀኝ» አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ድስት እየፈተጉ። «ዝም ብለህ ጨምር።»

ጨመሩ።