የፔዦው ዘጠና ስድስት ማይል

ጋሽ ለገሰ በተቀበሩ በማግስቱ ስኔልቪል ከተማ ያለው ቤታቸው ሄጄ የመኪናቸውን ማይል አነበብኩ። 68,412። የድሮ መኪና ማኅበራችን ደንብ እንደዚያ ያዛል፤ አባል ሲሞት ጸሐፊው ማይሉን አንብቦ መዝገቡን ይዘጋል፣ ወራሽ እስኪመዘገብም መኪናው ከጋራዥ አይወጣም። ጻፍኩ፣ ከሥሩ አሰመርኩበት፣ መዝገቡን ይዤ ሄድኩ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ የማኅበሩ ዓመታዊ የመኪና ምርመራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ልጃቸው አያንቱ ጋራዡን ከፈተችልኝ። መኪናውን በስሟ ላዞር ነበር የሄድኩት። የሰባ አራት ሞዴል ፔዦ ነው፣ ሰማያዊ፣ ጣሪያው ላይ ቀለሙ የሳሳ። በስልኬ መብራት ማይሉን አየሁ።

68,508።

እንደገና አየሁ። መዝገቡን ገለጥኩና ያሰመርኩትን አየሁ።

«ማን ነድቶታል?» አልኳት።

«ማንም። ለምን?»

«አንቺስ?»

«እኔ? ስቲክ ማርሽ አልችልም'ኮ። ዳዲ ሊያስተምረኝ ሞክሮ፣ ፓርኪንግ ሎት መሃል አልቅሼ ነው የወረድኩት።»

«እትዬ ማርያምስ?»

ሳቀች። «ማሚ? ማሚ ሃይዌይ ላይ ዓይኗን የምትጨፍን ሰው ናት። ከጎኔ ተቀምጣ፣ ማለቴ።»

ማኅበራችን የድሮ መኪና ያላቸው አስራ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከአባቴ ይበልጣሉ። በማኅበሩ ስም የተመዘገበ መኪና እንደ ልብ አይነዳም። ለስብሰባ፣ ለሰልፍ፣ ለመካኒክ፣ በሳምንትም አንድ ቀን ሞተሩ እንዳይሞት ከሠላሳ ማይል ላልበለጠ ጉዞ ብቻ ነው የሚወጣው። ከመውጣቱ በፊት የሚነዳው ሰው ቀኑን፣ ማይሉን፣ መድረሻውንና ስሙን በገዛ እጁ ይጽፋል። መዝገቡና ማይሉ ካልተስማሙ መኪናው ይሰረዛል፣ ሰሌዳውም ይመለሳል።

በገዛ እጁ የሚለውን ግን ማንም አይጠብቀውም። ሽማግሌዎቹ መዝገቦቻቸውን እኔ ዘንድ ትተው ይደውላሉ። «ሄኖክ፣ ጻፍልኝ፤ ያንተ እጅ ያምራል።» እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ በስብሰባ ላይ አፌን ከፍቼ የማላውቅ ሰው ቢያንስ እጄ ይፈለጋል። ጋሽ ለገሰ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ይደውላሉ። «ፓይን ሌክ፣ ደርሶ መልስ።» ሃያ አራት ማይል። ሹፌር በሚለው ሥር «ለገሰ» ብዬ እጽፋለሁ። እንዲህ ብዬ የጻፍኩት መቶ አርባ ሦስት ጊዜ ነው።

ዘጠና ስድስትን ለሃያ አራት አካፈልኩ። አራት ወጣ።

ሬሳቸው መቃብር ሲገባ አይቻለሁ። ከቀብራቸው ወዲህ ስድስት ረቡዕ አልፏል፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ጋሽ ለገሰ እንግዳ ትተው የሚወጡ ሰው አልነበሩም። ከስድስቱ ሁለቱ ሲቀነስ አራት ይቀራል።

ተሳስቼ እንደሆነ ቀረብ ብዬ ለማየት የሹፌሩ ወንበር ላይ ልቀመጥ ገባሁ። ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል። ጋሽ ለገሰ ከማኅበሩ ሁሉ ረጅሙ ነበሩ፤ በር ሲገቡ አንገታቸውን ይሰብሩ ነበር። ወደ ጎን ዞርኩ። ከጎኔ ያለው ባዶ ወንበር ቀበቶው ታስሯል። ሰው ታቅፎ እንደያዘ ሁሉ ጠበቅ ብሎ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

«ኦኬ፣ ይሄ ክሪፒ ነው፣ ያስፈራል» አለች አያንቱ ቀበቶውን እያየች። ድምጿ ቀጥኗል።

«ምን ሆናችሁ?»

እትዬ ማርያም ወደ ወጥ ቤት በሚወስደው በር ላይ ቆመዋል፣ ጥቁር ለብሰው፣ አጭር፣ ቀጭን። ከቀብሩ ወዲህ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ስለ መኪናው አንድ ቃል አልጠየቅኋቸውም። ማቅ የለበሰችን ሴት ስለ ባሏ መኪና የሚጠይቅ የለም።

«ማሚ፣ መኪናው ተንቀሳቅሷል» አለች አያንቱ።

«ሊንቀሳቀስ አይደል የተሠራው?»

«ማሚ! ሲሪየስሊ።»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ማርያም። «አንቺ ሥራ ስትሄጂ።»

አያንቱ የጋራዡ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትነጂው?»

«አንቺ ሳትወለጂ በፊት። ነርስ ሆኜ አርሲ ውስጥ ክትባት በላንድሮቨር አደርስ ነበር። ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄንን ግን ሦስት ዓመት ነው። ዓይኑ ከታመመ ወዲህ። ሐኪሙ መሪ እንዳይነካ ከለከለው። ለማኅበሩ ንገር አልኩት። 'ለገሰን ሚስቱ ጭና አመጣችው ይበሉኝ?' አለኝ።»

«ስብሰባ ሲመጡ ግን…» አልኩና ቆምኩ። ሁልጊዜ ከሁላችን ቀድመው ይገኙ ነበር፣ መኪናውን ተደግፈው። ሁልጊዜም የመጨረሻው ሂያጅ እሳቸው ነበሩ።

«እኔ እዚያው አጠገብ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። የማያስፈልገኝን ስንት ሽንኩርት ገዝቻለሁ።»

አያንቱ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች።

«አሁንስ ለምን ይሄዳሉ?» አልኳቸው።

«ፓይን ሌክ፣ ሐይቁ ዳር አቆማለሁ። ምን ይታይሻል ይለኝ ነበር፣ እነግረዋለሁ። ዳክዬው፣ ውሻ የያዘችው ሴትዮ። አሁንም እነግረዋለሁ።» ባዶውን ወንበር አዩ። «ዳገቱ ላይ ሦስተኛ ማርሽ አስገቢ ይላል። አሁንም ይላል፣ እሰማዋለሁ። ሦስተኛ አያስኬድም፣ ሁለተኛ ነው። ሲሳሳት ነው የኖረው።»

ቀበቶውን ላለማየት ወለሉን አየሁ።

መጀመሪያ የተነሣችው አያንቱ ናት። «ሄኖክ፣ ስማኝ። መካኒክ ብለህ ጻፈው። በዳዲ ስም፣ ዴቱን ጃንዋሪ፣ ሳይሞት በፊት አድርገው፤ የዘጋህበትንም ማይል ቀይረው። በስሜ ይዞራል፣ ቅዳሜ ምርመራውን ያልፋል፣ ማሚም ትነዳለች። ማን ያውቃል?»

ማንም አያውቅም። ገጹ ላይ ካሰመርኩበት በላይ ክፍት ቦታ ነበር፣ እጄም የለመደው ስም ነው። እውነቱን ከጻፍኩ መኪናው ይሰረዛል፤ እትዬ ማርያም ረቡዕን ያጣሉ። እስክሪብቶውን አወጣሁ።

«ተው» አሉኝ። «የሞተ ሰው አይነዳም። በሕይወት እያለም አልነዳም።»

«ማሚ፣ ይወስዱታል'ኮ!»

«አንቺ ዝም በይ።» መዝገቡ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፣ «ለገሰ፣ ለገሰ፣ ለገሰ» እያለ የሚወርደው የእኔ ጽሕፈት ላይ። «ይሄንን እያያችሁ እሱ ነው የነዳው ትላላችሁ። እኔም አንዳንዴ እንደዚያ ይመስለኛል። መሪውን ስይዝ እጄ ሥር የእሱ እጅ ያለ ይመስለኛል። አልፈራውም። ግን እኔ የት እንደነበርኩ ይጠፋኛል። ጻፈኝ።»

አራት መስመር ጻፍኩ። አራት ረቡዕ፣ ሃያ አራት ሃያ አራት ማይል፣ ሹፌር ማርያም። ከሥሩ ደግሞ ያለፉት መቶ አርባ ሦስት መስመሮች የሹፌር ስም ስሕተት እንደሆነና የጻፍኩት ሳልጠይቅ እኔ እንደሆንኩ። መኪናውን በአያንቱ ስም አዙሬ የቅዳሜውንም ጉዞ በእናቷ ስም አስገባሁ።

ቅዳሜ ምርመራው የሚደረግበት ቻምብሊ ፔዦው ሲገባ ሽማግሌዎቹ ቡና የያዙበትን ኩባያ እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እትዬ ማርያም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ገብተው ፓርክ አደረጉ። እኔና አያንቱ ከኋላ በእሷ መኪና ደረስን።

ሊቀ መንበሩ ጋሽ መክብብ መዝገቡን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግተው አነበቡ። ወደ ኋላ ገለጡ፣ እንደገና አነበቡ።

«መቶ አርባ ሦስቱንም?»

«አዎ ጋሼ።»

«እዚህ ቆሞ ስለ ፍሬን ሲያስረዳን የነበረውስ?»

«ፍሬን ያውቅ ነበር» አሉ እትዬ ማርያም። «ሰው ነው ማየት ያቃተው። አንተን በድምፅህ ነበር የሚለይህ።»

ጋሽ መክብብ የመኪናውን ጎማ አዩ። ከዚያ ደንቡን ተናገሩ፣ ማንንም ሳያዩ። መኪናው ለአንድ ዓመት ይሰረዛል። ጸሐፊው ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊ አይደለም። መኪናው ወደ ቤቱ የሚመለስበት አንድ ጉዞ ይፈቀድለታል፣ ሰሌዳው እዚያ ይፈታል። አያንቱ እናቷን ትከሻ ላይ ያዘቻቸው።

«ጉዞውን እሷ ትጻፈው» አሉ ጋሽ መክብብ። «በገዛ እጇ።»

እስክሪብቶዬን ሰጠኋቸው። ቀኑን ጻፉ፣ ማይሉን ጎንበስ ብለው አይተው ጻፉ። መድረሻ፣ ቤት። ሹፌር፣ ማርያም። ጽሕፈታቸው የነርስ ጽሕፈት ነበር፣ ፈጣንና ቀጥ ያለ። ከዚያ ብዕሩ አየር ላይ ቆመ።

«የተሳፋሪ ቦታ የለውም?»

«የለውም እትዬ።»

ገጹን ከላይ እስከ ታች ፈለጉ፣ እንዳላመኑኝ። ከዚያ ከስማቸው ጎን፣ ከመስመሩ ውጭ ባለው ጠባብ ነጭ ቦታ፣ በደቃቅ ፊደል «ለገሰ» ብለው ጻፉ።

ጋሽ መክብብ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። «ከደንቡ ውጭ ነው» አሉ። ግን ፈረሙበት፣ ከዚያም መውጫውን የዘጋውን የራሳቸውን መርሰዲስ ሊያነሡ ሄዱ።