ከአምስተኛው ሣጥን የጠፋው ማኅተም

አዋቂ ሰው በልጆች ጨዋታ ውስጥ የሚሠራው ማታለል ታናሽ በደል አይደለም። ልጅ የተነገረውን ሕግ እስከ መጨረሻው ያምናልና፥ ሕጉን ሌላው ሲያፈርሰው አደጋው የሚወድቀው ባመነው ላይ ነው። የቢቸናው መምህር የሻው ይህን የተማረው ዘግይቶ ነበር።

ጨዋታው የሣጥን ፍለጋ ይባላል፤ የሞጣና የቢቸና የተማሪዎች ክበቦች በየዓመቱ ይወዳደሩበታል። ከሞጣ በላይ ባለው የጽድና የወይራ ደን አምስት የቆርቆሮ ሣጥኖች ይደበቃሉ። በእያንዳንዱም የወፍ ሥዕል የተቀረጸበት የእንጨት ማኅተምና በቀለም የራሰ ጨርቅ አለ። ቀለሙ መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ከጥላሸት የሚያዘጋጁት የብራና ቀለም ነው። ልጆች በወረቀት የተጻፈላቸውን ምልክት ተከትለው ሣጥኑን ያገኛሉ፤ ማኅተሙን በደብተራቸው ያትማሉ፤ ሁሉንም እንደ ነበረ ይመልሳሉ። ጨዋታውን የጀመረችው የሞጣዋ መምህርት ወይንእሸት አንድ ሕግ አጥብቃ አስተምራ ነበር፦ «ማኅተም ከሣጥኑ ቢጠፋ አውሬ ጎትቶት ይሆናልና ዙሪያውን ፈልጉ።»

ዓምና ሞጣዎች አሸንፈው ነበር። ዘንድሮም ቅዳሜ ጠዋት፥ ገና ከመነሻው፥ ውቢት የምትባል የዘጠኝ ዓመት የሞጣ ልጅ ተረበቻቸው።

«እናንተ ቢቸናዎች! ዘንድሮስ ዓይናችሁን ይዛችሁ መጣችሁ ወይስ እቤት ረሳችሁት?»

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። የሻው ግን ነገሩ ከሆዱ ገባ። የእርሱ ልጆች ቀድመው ደርሰው አምስተኛውን ማኅተም አትመው ሲወርዱ፥ እርሱ ሞጣዎች አምስቱን እንዳይሞሉ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ የዋኖስ ሥዕል ያለበትን ማኅተም አነሣ። በሣር ጠረገና በነጭ ሸሚዙ የደረት ኪስ ከተተው። ከቢሮ ማኅተም በቀር አያውቅምና፥ ቀለሙ አንዴ ከደረቀ የሚያበቃለት መሰለው።

ከቀትር በኋላ ሞጣዎች ተመለሱ። ውቢት አልነበረችም።

«ማኅተሙ የለም፤ ሣጥኑ ውስጥ ጨርቁ ብቻ ነው ያለው» አለ አንዱ እያለከለከ። «እኛ እንመለስ ስንላት እምቢ አለች። ‹ቲቸር ዙሪያውን ፈልጉ ብላለች› ብላ ወደ ገደሉ በኩል ወረደች።»

የሻው ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ ደግሞ ተቀመጠ። ቃሉ እስከ ከንፈሩ መጣና ተመለሰ። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። «ልናገር» ይላል፤ «መጀመሪያ ልጅቱ ትገኝ» ይላል፤ እጁ ግን ሳያዘው ወደ ኪሱ እየሄደ ይመለሳል። በመጨረሻ ብድግ ብሎ ወደ ደኑ ሮጠ። እሾህ ቧጨረው፤ ወደቀ፤ ተነሣ፤ ስሟን እየጠራ ቁልቁለቱን ወረደ። ወይንእሸት ከኋላው ደረሰችበት።

«ወንድሜ፥ ትንሽ ዕረፍ እንጂ! ለሰው ልጅ እንዲህ የሚጨነቅ አላየሁም።»

ይህ ምስጋና ከእሾሁ ይልቅ ወጋው።

ውቢትን ከገደሉ አፋፍ በታች፥ በአንዲት ጠባብ እርከን ላይ አገኟት። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፤ እጇ ግን አሁንም ቅጠል ይገላልጣል።

«ቲቸር፥ አላገኘሁትም» አለች፥ እንባዋን እየጠረገች።

የሻው ወርዶ በክንዱ አቀፋት። ያን ጊዜ ዓይኗ ደረቱ ላይ ተተከለ። የብራና ቀለም ቢደርቅም ውኃ ሲነካው ይሟሟል፤ የፍለጋው ላብ ደግሞ ሸሚዙን አርሶት ነበር። በነጩ ጨርቅ ላይ ጥቁር ዋኖስ ክንፏን ዘርግታ ወጥታለች።

«አገኘሁት! ቲቸር ወይንእሸት፥ አገኘሁት! እሳቸው ጋ ነው!»

ደስታዋ ንጹሕ ነበር፤ ገና ምንም አልገባትም። ወይንእሸት ሸሚዙን አየች፤ ፊቱን አየች።

«እንዴት አስቻለህ የሻው? ይህን ያህል ሰዓት?»

«እኔ ነኝ የወሰድሁት» አለ።

የውቢት እግር በሦስት ሳምንት ዳነ። የሻው ከክበቡ ኃላፊነት ተሻረ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከማኅደሩ ተያያዘ፤ ለሁለት ዓመት ልጆችን ይዞ ከቢቸና እንዳይወጣ ተከለከለ። ማኅተሙንም በሁለቱ ከተሞች ልጆች ፊት፥ ያደረገውን በአፉ ተናግሮ፥ ወደ ሣጥኑ እንዲመልስ ታዘዘ። መለሰ።