የሰርጉ ኮት

ሐመልማል በነርስነት ልትመረቅ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ የመርካቶ ተሸካሚ የሆነው አባቷ ወርቁ ለምርቃቷ ሊለብሰው የራሱን የሰርግ ሱፍ ከላውንደሪ አወጣ። ሲለብሰው ኮቱ ከፊት በኩል እስከ ጭኑ አጋማሽ ወረደ።

«የሰው ኮት ቀይረው ሰጡኝ!» ብሎ ጦፈ። እንደለበሰው ልጁን አስከትሎ አንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ሱፉን ወደ ሰፋለት ወደ ሽማግሌው ሙነወር ሄደ።

ሙነወር ገበሩን ገልጦ አየ። «የራሴ ስፌት ነው። ያኔ ትከሻህን የለካሁት በርጩማ ላይ ወጥቼ አልነበር?» አለው። አሁን ሜትሩን ይዞ አጠገቡ ቆመ፤ በርጩማው አላስፈለገውም።

ሐመልማል እጅጌውን አየች፤ ልኩ ነው። ሱሪውም ልኩ ነው። የእጁም የእግሩም አጥንት እንደነበረ አለ። ያጠረው ጀርባው ነው። በአከርካሪው አጥንቶች መሃል ያሉት ለስላሳ ትራሶች፣ እሷን ባስተማሯት ጆንያዎች ሥር ሃያ ስድስት ዓመት ተጨፍልቀዋል። ፈተና ላይ «ተመልሰው ያድጋሉ?» ለሚለው ጥያቄ «አያድጉም» ብላ ሙሉ ነጥብ አግኝታለች።

ሙነወር መቀሱን አነሳ።

«ኧረ እንዳትቆርጠው!» አለ ወርቁ። «ወደ ውስጥ እጠፈው። ልጄ ሥራ ስትይዝ ሸክሙን እተወዋለሁ። ትንሽ ካረፍኩ ጀርባዬ ይመለሳል፤ ያኔ ልኬ ይሆናል። አይደል፣ ሐሙዬ? አንቺ ተምረሽዋል።»

ሐመልማል ጎንበስ ብላ የኮቱን ጫፍ ያዘች።

«አዎ፣ አባዬ» አለች። «ጋሼ ሙነወር፣ እባክዎ አይቁረጡት።»