የጭልፊቷ ማሰሪያ

በእኛ መንደር በሃዋሪያ ጭልፊት በጸደይ ትያዛለች፤ ድርጭት ስታድንልን ትሰነብትና አደኑ ሲያበቃ ትለቀቃለች። ከመለቀቋ በፊት ግን የእግሯ ማሰሪያ ይፈታል። ለዝሃር የሚባለው ባሌ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ኖሮ ዘንድሮ ማሰሪያውን ረስቶ ሳይፈታ ለቀቃት። ማሰሪያው ቅርንጫፍ ላይ ከተጠመጠመ ተንጠልጥላ መሞቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በተራራው በኩል የሚያልፈውን ወፍ ሁሉ እየለየ ይውላል። "ያ ንስር ነው። ያቺ ጭልፊት ናት፤ ግን የእኔ አይደለችም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ወርደህ ብላ! እሷ እንደሆነች ረስታሃለች።"

"ብትረሳኝማ ጥሩ ነበር፣ ሸድሊያ። ርቃ ትሄድልኝ ነበር።"

በአሥረኛው ቀን በለስ ልለቅም ከቤት ጀርባ ብሄድ፣ ዛፋችን ላይ ተንጠልጥላ ሞታ አገኘኋት። ማሰሪያውን ቆርጬ አወረድኳት። ከዚያ ተመልሼ ወደ ጣሪያው ተጣራሁ።

"ለዝሃር! አሁን በላዬ አለፈች። ማሰሪያ የላትም!"

"አንቺ? ጭልፊትን ከቁራ የማትለዪው? በምን አወቅሻት?"

"አንዱ ጥፍሯ ስባሪ ነው።"

የምትበር ወፍ ጥፍር ከመሬት እንደማይታይ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀስ ብሎ ወረደ፤ እጁን ታጠበና ማዕዱ ፊት ተቀመጠ።

"የት ቀበርሻት?" አለኝ።