ሁለት ጣት

ማስተር ባንተአምላክ ከደከመው ቆይቷል። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ቁጭ ብድግ ሲል ይንቋቋል፣ ወገቡ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝም ይላል። ግን አንዴ ማስተር ከተባልክ አመመኝ ማለት የለም! ስለዚህ በየማለዳው ባሮ ወንዝ ዳር ካለው ማንጎ ሥር ይቆማል። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ተሰልፈው ይጎነበሱለታል፤ እሱም ይጎነበስና ሲቃና ‹‹እህህ›› የምትለዋን ዋጥ ያደርጋታል።

ስሙ የተጠራው በካራቴው አይደለም፤ ካራቴማ ሌላም ያስተምራል። የእሱ ነገር ሁለቱ ጣቶቹ ናቸው። ከጆሮ ሥር ያለች አንዲት ቦታ ላይ ካሳረፋቸው በሬም ቢሆን ይወድቃል ይባላል። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ ሲያመጡት ልጅ ነበር፤ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ማስተር ነኝ ከሚል አንድ ሰውዬ ዘንድ ስምንት ወር ተማረና ይችን ይዞ ተመለሰ። ሰውዬው ከማን እንደተማራት የጠየቀ የለም። ባንተአምላክ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቹን በሁለት ጣት ነካ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉም ወደቁለት። ይህን እያየ ባያምን ነበር የሚገርመው።

ባለፈው ወር ግን የጋች ክንድ ተሰበረ። ጋች የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ከተማሪዎቹ ሁሉ እንደ እሱ ትጉ የለም። ገበያው መውጫ ላይ አንድ ሌባ ስልኩን ሊቀማው ሲመጣ፣ ሮጦ ማምለጥ ሲችል ቆመና በሁለት ጣቱ ነካው። ሌባው አልወደቀም፤ የያዘውን ዱላ ክንዱ ላይ አሳረፈበት። ጋች በጀሶ ታሽጎ መጥቶ ‹‹ማስተር፣ ነካሁት፤ እምቢ አለ›› ሲለው፣ ባንተአምላክ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹‹ትንፋሽህን አልያዝክም›› አለው። ጋች አንገቱን ደፍቶ ሄደ፤ ዳግመኛም ማንጎው ሥር አልታየም። ባንተአምላክም ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ አልተኛም።

ቅዳሜ ከሰዓት ክርክሩ የሚደምቀው ሺታዬ ሻይ ቤት ነው። አንዱ ቴኳንዶ እግር ብቻ ነው ይላል፣ ሌላው የቻይናዎቹን ዉሹ ጭፈራ ነው ብሎ ያጣጥላል፣ ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳያል። አብዛኞቹ የምር ተደባድበው አያውቁም፤ ምላሳቸው ግን ጥቁር ቀበቶ ነው! በዚያ ቅዳሜ ሪክ የሚባል ወጣትም ተቀምጦ ነበር። ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ በትግል የሚስተካከለው የለም ይባላል፤ የሻይ ቤቱን በር ጎንበስ ብሎ ነው የገባው።

‹‹እኔ ሰው ሲነካኝ ዞር ብዬ ‹ምን ፈለግህ?› እለዋለሁ›› አለ ሪክ። ‹‹ለምን እወድቃለሁ?››

ሳቅ ሆነ። የባንተአምላክ የመጀመሪያ ተማሪ የነበረው ዘርአብሩክ ግን ደሙ ፈላ። ‹‹እንግዲያው ማስተር ፊት ቁምና ጉድህን እናያለን!››

‹‹እቆማለሁ።››

ሁሉም ጥግ ወደ ተቀመጠው ባንተአምላክ ዞሩ። ‹‹ከልጅ ጋር አልጋጠምም›› እንዲል ጠበቁ፤ ማስተሮች የሚያመልጡት በዚያ ነውና። እሱ ግን ብርጭቆውን አስቀመጠና ‹‹ነገ አሥር ሰዓት፣ ማንጎው ሥር›› አለ። ደፋር ነው ተባለለት። ምን ድፍረት አለ! የደከመው ሰው ነው፤ ቁርጡን ማወቅ ብቻ ፈለገ። ጣቱ የማይሠራ ከሆነ የጋችን ክንድ የሰበረው ሌባው ብቻ አይደለም፤ እሱም ነው።

በማግሥቱ ወንዝ ዳር የሚያጥቡት ሴቶች ሳይቀሩ ልብሳቸውን ትተው ከበቡ። ባንተአምላክ ሪክን ጠጋ ብሎ፣ ‹‹ስማኝ ልጄ፣ ካልጣለህ አትውደቅ። በእግዜር ይዤሃለሁ›› አለው በሹክሹክታ። ሪክ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ባንተአምላክ እጁን ሰነዘረ። ሪክ ረጅም ነውና ጆሮው ሥር ለመድረስ መንጠራራት ነበረበት፤ ያ የተረገመ ጉልበት መሀል ላይ ከዳውና ተንገዳገደ። ጣቶቹ ስንዝር ሲቀራቸው አየር ላይ ቆሙ። ሪክ ግን ወደቀ። ያ ግንድ የሚያክል ጎረምሳ በጀርባው አሸዋው ላይ ዘጭ አለ!

ሕዝቡ በጩኸት ቀለጠ። ባንተአምላክ እጁን እያወናጨፈ ‹‹አልነካሁትም እኮ! አልነካሁትም!›› ቢል፣ ዘርአብሩክ እንባ ባቀረረ ዓይኑ ‹‹አያችሁ? ጭራሽ ሳይነካው!›› ብሎ አስተጋባ።

‹‹ምነው ልጄ? ተስማምተን አልነበር?›› አለው ባንተአምላክ ሪክን ሊያነሳው ጎንበስ ብሎ።

‹‹አባቴን ታክላለህ›› አለ ሪክ አሸዋውን እያራገፈ። ‹‹ልትወድቅ ስትል አየሁህ። የአባት እኩያ በሰው ፊት ሲወድቅ ቆሞ ማየት በእኛ ቤት ነውር ነው።››

ባንተአምላክ ሊሸከሙት የመጡትን ልጆች ገፍቶ እያነከሰ ወጣ። ቀጥታ ጋች ቤት ሄደ። ጋች ደጃፉ ላይ ኩርሲ ላይ ተቀምጦ፣ ሸራ የለበሰች ባጃጁን ያያል። ሊነሳለት ሲል ባንተአምላክ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

‹‹ትንፋሽህ ምንም አልሆነም›› አለው። ‹‹ውሸቱ የእኔ ነው፤ ሁለት ጣት የሚባል ነገር የለም። ለካ ልጆቹ ሲወድቁልኝ የኖሩት እኔን ላለማሳፈር ነው። አንተን ግን አሰበርኩህ። ይቅር በለኝ።››



‹‹እኔም እኮ እወድቅ ነበር ማስተር›› አለ ጋች።

‹‹አንተም?››

‹‹ስትነካኝ ምንም አይሰማኝም። ግን ሌሎቹ ሲወድቁ አያለሁ፤ የእነሱ የእውነት መሰለኝ። እኔ ላይ ብቻ የማይሠራ መስሎኝ፣ ጉድለቴ እንዳይታወቅ ወደቅሁ። ሌባው ሲመጣ እንደ እነሱ ይወድቃል አልኩ።›› ጀሶውን በደህናው እጁ ዳበስ አደረገ። ‹‹ሁለት ዓመት ሙሉ የምዋሸው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።››

ባንተአምላክ ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። ‹‹እህህ›› አለ፤ ዛሬ አልዋጣትም።

‹‹እኔ ደግሞ›› አለ፣ ‹‹ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማልዋሸው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።››